መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ማግስት የጨሰችው መኪና

መንጃ ፈቃዴን ከኮምቦልቻ ይዤ የመጣሁ ቀን አባቴ አገላብጦ አየውና «ፎቶው ላይ ማን ተቆጥቶሽ ነው እንዲህ ያኮረፍሽው?» አለኝ። ከዛ ካርዱን መለሰልኝና «ነገ ከሱብሂ በኋላ ትነጃታለሽ» አለ።

በቃ። ከዛ በኋላ ያወራውን አልሰማሁም። እናንተ አታውቁም እኮ፣ እኔ ይቺን ቃል ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው ስጠብቃት የኖርኩት። «አባ፣ ልንዳት?» ስለው ሁሌ «መንጃ ፈቃድ ስታወጪ» ነው መልሱ። ማትሪክ ተፈተንኩ፤ ውጤት እስኪመጣ ጓደኞቼ ቤት ተጋድመው ስልክ ሲነካኩ እኔ መንዳት ተማርኩ። የተማርኩበት መኪና ደሞ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እንደታመመ ግመል ያቃስታል። ሁሉን የቻልኩት ለአባቴ ሀይሉክስ ስል ነው። ነጭ ናት፣ ዳብል ጋቢና፣ ባለ ቱርቦ። ዳገት ላይ ሲረግጣት ደስ የሚል ፉጨት አላት። በሷ ነጋዴና ዕቃ ይጭናል፤ ሰኞ ባቲ፣ ሌላውን ቀን ጨፋ ሮቢትም ሀርቡም፣ የተገኘበት። ከሷ በፊት ዕድሜውን ሙሉ የነዳት አሮጌ ፒካፕ ቱርቦ ምናምን አታውቅም ነበር።

ጠዋት ሸራ ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። እናቴ ረቢአ በር ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ምነው፣ ኳስ ልትጫወቺ ነው?» አለችኝ።

«በነጠላ ጫማ ፍሪሲዮን አይረገጥማ!»

«አላህ ይጠብቅሽ። የሰውም አጥር ይጠብቅልን።»

አባቴ አስነስቷት እየሞቀች ነበር። ሁሌ ጠዋት እንዲህ ነው፣ አስነስቶ ትንሽ ይተዋታል። እኔ በሾፌሩ በር በኩል ቆሜ እስኪወርድልኝ እጠብቃለሁ። እሱ ከመውረዱ በፊት አንዴ ነዳጅ ረገጥ አደረጋት።

ቡፍ!

ወላሂ መንደሩ ጠፋ። ከኋላ የወጣው ጭስ ጥቁር ቢሆን ናፍጣው ነው ይባላል። ነጭ ቢሆን ውሃ ገብቷል ይባላል። ይሄኛው ሰማያዊ ነው። ድስት ላይ ተረስቶ የተቃጠለ ዘይት ታውቁ የለ? እንደሱ ሸተተ። አጥሩን ተሻግሮ እትዬ ሀዲጃ ያሰጡት ልብስ ላይ ሄዶ ተኛ። እሳቸው እየሳሉ ብቅ አሉና «በድሩ! ቤታችንን ልታቃጥል ነው?» አሉ። ከዛ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጫማዬን አዩ። «ዓይን ነው። ልጅቷ መንጃ ፈቃዷን ለመንደሩ ሁሉ ስታሳይ ነበር።»

አሳይቻለሁ። እና ምን አለበት?

አባቴ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። «ሳትድን ማንም አይነዳትም።»

«አባ፣ ትንሽ ብቻ፣ እስከ…»

«ጨል ጄዲ፣ ኢንተለ ኮ።» ዝም በይ ልጄ ማለቱ ነው። አባቴ ኦሮምኛ ከጀመረ ክርክሩ አልቋል።

ከዛ ቀን ጀምሮ ከሚሴ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ሰው ጠፋ። ሱቅ ስኳር ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ «የአባትሽ መኪና ናፍጣው ውሃ አለበት» ይለኛል። ባጃጅ ነጂው «ዘይቱ ቀጥኖ ነው፣ ወፍራም አስደርጉ» ይላል። አባቴ እውነት ወፍራም ዘይት አስደረገ። መጨሱን አላቆመችም፤ እንደውም ዘይቱን ትጠጣዋለች። የዘይት መለኪያዋን ብረት እየመዘዘ ያያል፣ ጎድሏል፤ ይሞላል፣ ደግሞ ጎድሏል። መሬት ላይ ጠብታ የለም። ራዲያተር ውስጥም ዘይት የለም። የት ይሄዳል? በጭስ ማውጫው!

አጎቴ ዓብዱልመጂድ ኮምቦልቻ መኪና እየገዛ የሚሸጥ የእናቴ ወንድም ነው። ስልክ ደወለና ድምጽ ማጉያው ላይ ሆኖ ሁላችንም እየሰማን «ሰማያዊ ከጨሰች ፋሻው አልቋል» አለ። ፋሻ ማለት ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት ነው፣ ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው። እሱ ካለቀ ሞተር ይወርዳል፣ ሁሉም ይፈታል። «በድሩ፣ ሞተሯ አንዴ ከወረደ እንደ ድሮዋ አትሆንም። እኔ ባለችበት እወስዳታለሁ።»

«አባ አትሽጣት!» ብዬ ጮህኩ።

«ማናት እሷ?» አለ አጎቴ።

«ሾፌራችን» አለች እናቴ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

 ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አባቴ ለብቻዬ እንዲህ አለኝ፦ «ስሚ። እኔ ሰው ነው የምጭነው። በሽታዋን ካላወቅኩ ሰው ጭኜባት ዳገት አልወጣም። ሀሙስ መካኒኩ ሲራጅ ጋ እንወስዳታለን። ፋሻ ነው ካለ አጎትሽ ይወስዳታል።»

«እኔስ መቼ ልነዳ?»

«ሌላ አላህ ይሰጠናል።»

ሌላ! ሌላ የሚባል ነገር ቤታችን የሚመጣው እኔ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። እያረርኩ ተኛሁ።

ሰኞ የባቲ መንገድ ነበረው። ለነጋዴዎቹ ቀድሞ ቃል ስለገባላቸው መቅረት አልቻለም። «ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አለ። ለምኜ ለምኜ አብሬው ሄድኩ። አስቀድሜ ደሞ ስልኬ ላይ ስለ ሰማያዊ ጭስ ያለውን ቪዲዮ ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፣ አንዱ እንዲያ ይላል፣ ግን ሁሉም የሚስማሙበት ነገር አለ፦ መቼ እንደምትጨስ እይ። እና እኔ መንገዱን ሙሉ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ኋላ ነው የማየው።

«አንገትሽን አስገቢ፣ መኪና ይመታሻል» ይላል አባቴ።

«እያየሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ጭሱን።»

«እኔ እንዳላየው ስጸልይ እሷ ፈልጋ ታየዋለች!» አለ ከኋላ ለተቀመጡት ነጋዴዎች፤ ሳቁብኝ።

ያየሁት ግን ገረመኝ። ዳገት ላይ፣ ተጭና፣ አባቴ እየረገጣት፣ ብዙም አትጨስም። ፋሻ ቢሆን እዛ ጋ ነበር መባስ የነበረባት። ኬላ ላይ ቆመን ሞተሩ ሳይጠፋ ወረፋ ከጠበቅን በኋላ ግን፣ ገና ስንነሳ፣ ቡፍ! የኬላው ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ተራገበበት። ደሞ ረጅም ቁልቁለት ወርደን እንደገና ሲረግጣት፣ ቡፍ! ይሄን ለአባቴ ነገርኩት። «እሺ» አለኝ። «እሺ» ማለት ደሞ አልሰማሁሽም ማለት ነው።

ስንመለስ ከባቲ የሚወጣውን ዳገት ጨርሰን ጫፉ ላይ ስንደርስ አዛን አለ። እዛ መንገድ ዳር ትንሽ መስጊድ አለች። አባቴ ወዲያው ዳር ያዘ፣ ቁልፉን ዞር፣ ሞተሩ ዝም። ይሄ የሱ ልማድ ነው። የመጀመሪያዋን «አላሁ አክበር» ከሰማ ሞተር አያስጮህም። ስለ ምን መሰላችሁ? አያቴ ሙአዚን ነበር። በዛን ጊዜ ማይክ የለም፣ በባዶ ጉሮሮው ነው። አባቴ ልጅ ሆኖ አያቴ አዛን ሲል አንድ ኤንትሬ ጭነት መኪና እያጓራ አልፎ ድምጹን ዋጠበት። አያቴ እስኪያልፍ ጠብቆ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አባቴ ግን ያቺን ነገር እስከዛሬ አልረሳትም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ አዛን ላይ ሞተር ያጠፋል። እንደውም ከሚሴ ውስጥ አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነው፣ ባጃጁም፣ ወፍጮ ቤቱም። እኛ ጋ ሲሆን እያየን ነው ያደግነው፣ አይገርመንም።

ወረዱ፣ ሊሰግዱ ሄዱ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ሆኜ ጸጥ ባለው ውስጥ ከኮፈኑ ስር የሆነ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ፊይይይይ… እያለ ቀጠነና ጠፋ። ወፍ መሰለኝ። ወላሂ ወፍ ነበር የመሰለኝ።

ሀሙስ ደረሰ። ጋሽ ሲራጅ ጋራዡ አስፋልቱ ዳር ነው። ጎበዝ ነው፣ ሁሉም የሚመጣው እሱ ጋ ነው፤ ለዛ ነው ጊዜ የሌለው። አንድ ሚኒባስ ስር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። አባቴ ሲያስነሳት ጭሱ ወደሱ ሄደ። ሚኒባሱ ስር ሆኖ፣ ሳይወጣ፣ አንዴ አሸተተና «ፋሻ ነው፣ ሞተር ይወርዳል» አለ።

«ሳታያት?» አልኩት።

«ሸተተኝ እኮ።»

«ሽታ ዘይት እንደተቃጠለ ነው ሚናገረው፣ በየት እንደገባ አይናገርም!»

እግሩ ተንቀሳቀሰ። ራሱ ወጣ፤ ፊቱ ግማሹ ግሪስ ነው። «በድሩ፣ ይቺ ማናት?»

«ልጄ ናት። ሰብሪና።»

«ቲክቶክ ናት በለኛ!»

እናቴ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ሊብሬውን፣ የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር፣ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች፤ አጎቴ ከሰዓት ይመጣል።  ስለዚህ ይሉኝታዬን ጣልኩት።

«ጋሽ ሲራጅ፣ ባላህ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና እየው። ፋሻ ካለቀ በዛ በኩል እንደ ማንቆርቆሪያ ነው የሚተነፍሰው። ካልተነፈሰ ፋሻ አይደለም። ዳገት ላይ አትጨስም፣ ቆማ ቆይታ ስትነሳ ነው ሚብስባት፣ አይቻለሁ፣ ለአባቴም ነግሬዋለሁ፣ እሱ ግን…»

«ትተነፍሳለች ወይስ አትተነፍስም እሷ ራሷ?» አለ ጋሽ ሲራጅ ወደ አባቴ እያየ።

«ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ናት» አለ አባቴ።

ግን ተነሳ። እኔን ዝም ለማሰኘት መሰለኝ። እጁን ጠርጎ ኮፈኑን ከፈተ፣ ክዳኑን አዞረ፣ መዳፉን ጫፉ ላይ ያዘ። ቆየ። ፊቱ ተቀየረ። «ነዳጅ ስጣት በድሩ» አለ። አባቴ ሰጣት። መዳፉን አንስቶ አየ፣ መልሶ ያዘ።

«አይተነፍስም» አለ ቀስ ብሎ። «ፋሻው ደህና ነው።»

እኔ ዘለልኩ። «አላልኩም! አላልኩም!»

«ዝም በይ አንቺ፣ ገና ነው።» አሁን ግን ሚኒባሱን ረስቶታል። ካቻቢቴውን አመጣ፣ ከቱርቦው፣ እየዞረ ለሞተሩ አየር ከሚነፋው፣ የሚወጣውን ወፍራም የአየር ቱቦ ፋሸታውን ፈታና ነቀለው። አየር ብቻ ሚሄድበት ነው፤ ደረቅ መሆን ነበረበት። ዘንበል ሲያደርገው ጥቁር ዘይት ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። ከዛ ሞተሩን አስጠፍቶ ጣቱን ቱርቦው አፍ ውስጥ ከተተና መሃል ያለችውን ዘንግ ነቀነቃት። ቀጭ ቀጭ አለች።

«እንደ አሮጌ ሽማግሌ ጥርስ» አለ። «በድሩ፣ ቱርቦው ነው። ዘንጉ ላልቷል፣ ዘይቱን ወደ አየሩ እየለቀቀ ሞተሩ ያቃጥለዋል። ልጅቷ ያለችው ነው፣ ቆማ ስትቆይ ይጠራቀማል፣ ስትረግጣት ባንዴ ይወጣል። ሞተር አይወርድም። ቱርቦ መቀየር ነው።»

እኔ እናቴ እጅ ውስጥ ያለውን ጥቅልል እያየሁ «አልሐምዱሊላህ! በይ ወደ ቤት መልሺው!» አልኳት።

በዚህ መሃል አጎቴ ዓብዱልመጂድ ደረሰ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቁልፍ እያሽከረከረ። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እሺ፣ ቱርቦ ነው። ማን ገደለው?»

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ቱርቦውን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ቱርቦ በዕድሜው አልሞተም። መኪናዋ ገና ናት። ወይ ዘይት አይደርሰውም ወይ የሆነ ነገር አለ። አዲስ ቢታሰርላት አዲሱንም ትበላዋለች። አዎ ወይስ አይደለም፣ ሲራጅ?»

ጋሽ ሲራጅ ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ነው። የገደለው ካልታወቀ ሁለተኛውንም ይገድለዋል። ዘይት በሰዓቱ ትቀይራለህ በድሩ?»

«እንደ ሰላቴ።»

«ማጣሪያውን?»

«አብሮ።»

«የዘይት መመለሻዋ ተደፍኖ ይሆናል» አለ፣ አየ፣ አልተደፈነም። አባቴ መኪናዋን ያያታል። ከዛ ያ የፈራሁት ነገር መጣ። «በሽታዋ ካልታወቀ አልይዛትም ብያለሁ። ረቢአ፣ ሊብሬውን ስጪው።»

እናቴ ጨርቁን መፍታት ጀመረች። አጎቴ እጁን ዘረጋ። እኔ መሃላቸው ገብቼ ቆምኩ፤ ምን እንደምል አላውቅም፣ ብቻ ቆምኩ።

«አንዴ ቆዩ» አለ ጋሽ ሲራጅ። እሱም እልህ ይዞታል። «ቱቦውን መልሼ አስሬ አንዴ በደንብ ላስጩሃት፣ ድምጿን ልስማ።» አሰረው። ራሱ ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣ፣ አስነሳት፣ ረገጣት፣ ረገጣት፣ ጋራዡ በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፣ ሰው ከአስፋልቱ ማዶ ሳይቀር እየሳለ ይሰድባል። ሙቀቱ ከኮፈኑ ፊቴን ይጠብሰኛል። ሞተሩ ጣራ ነክቶ እያጓራ እያለ፣

አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር።

የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው አዛን። ጋሽ ሲራጅ እግሩ ገና ነዳጁ ላይ እያለ እጁ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ድፍት አለ። አባቴም መስኮቱ ጋ ደርሶ እጁን ወደ ቁልፉ ዘርግቶ ነበር፤ ሲራጅ ቀደመው እንጂ እሱም ያጠፋት ነበር። ባንዴ ጸጥታ።

እና በጸጥታው ውስጥ፣ ፊይይይይይ…

ወፏ!

ሞተሩ ሞቷል፣ ቱርቦው ግን ይዞራል። ያለ ሞተር። ሞተር ከሌለ ደሞ የዘይት ፓምፕ የለም። ማለት፣ እሳት ሆኖ፣ በባዶው፣ ያለ አንዲት ጠብታ ነው ሚዞረው። ቪዲዮው ላይ አይቼዋለሁ እኮ! ባለ ቱርቦ መኪና ከሮጠች በኋላ ወዲያው አይጠፋም፣ ትንሽ በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ራሷን ማቀዝቀዝ አለባት ይላል። የባቲ ዳገት ጫፍ ላይ! ከጨፋ ሮቢት ሲመለስ! በየቀኑ፣ በየአዛኑ!

አፌን ከፈትኩ። እናቴ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ አዛን ላይ አይወራም። ሁሉም ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ሙአዚኑን ይከተላሉ። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ውስጤ ግን ሊፈነዳ ነው። አዛኑ አለቀ ስል ዱዓ አደረጉ። ዱዓው አለቀ ስል ወንዶቹ ሶስቱም ወደ መስጊድ ሄዱ። «አባ!» ስል «ከሰላት በኋላ» አለኝ ሳይዞር።

ለእናቴ ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ሊብሬውን ደረቷ ላይ ይዛ አሰበች፣ ከዛ «ይሄን ለአባትሽ ልትነግሪው ነው?» አለችኝ።

«ታዲያስ!»

«አንቺ ልጅ፣ አዛን ነው እኮ ያልሽው። አፍሽን ያዢ ባላህ።»

«ዝም ካልኩ ትሸጣለች!»

«ከተናገርሽ ደሞ ይቆጣል።»

ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። ሲመለሱ እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ አስለቀቅኳት።

«አባ፣ ቱርቦውን ማን እንደገደለው አውቄያለሁ።»

«ማን?»

«ቁልፉ።» ጣቴን ወደ መሪው ቀሰርኩ። «ዳገት ወጥተህ፣ ግላ፣ አዛን ሲል ወዲያው ታጠፋታለህ። ቱርቦው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይዞራል። ዘይት ግን አያገኝም። ውስጡ የቀረው ዘይት እንደ ድስት ቂጥ ያርራል።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «አዛን ነው መኪናዬን ያበላሸው ልትዪኝ ነው?»

«ወላሂ አዛኑ አይደለም! አዛኑ ምን አደረገ! ቁልፉ…»

«አስተግፊሩላህ በይ!»

«አስተግፊሩላህ! ግን ቁልፉ ነው!»

አጎቴ ሳቁን በመሀረብ አፈነ። ጋሽ ሲራጅ ግን አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ «በድሩ» አለ፣ «ልጅቷ ልክ ናት። እኔ እዚህ ለሚመጣ ባለ ቱርቦ ሁሉ ሮጣችሁ ወዲያው አታጥፉ እላለሁ። አዛን ሲሆን ግን እንደማጥፋት አልቆጥረውም። እጄ ነው ሚሄደው። አሁን ራሱ በዛ ግለት ላይ አጠፋሁብህ እኮ።»

አባቴ ጋቢና ገባ። አስነሳት። ረገጣት። ቁልፉን አዞረ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘነበለ። ሁላችንም ሰማነው፣ ፊይይይ… ቀጠነና ጠፋ።

«አሮጌዋ ፒካፕ እንዲህ አታፏጭም ነበር» አለ። ደግሞ «እኔ እንኳ የአዛኑን ድምጽ እንዳልሸፍን ብዬ ነበር» አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ለአያቴ መሰለኝ።

«እና ልውሰዳት?» አለ አጎቴ።

«ምኗን ትወስዳለህ? በሽታዋ ታወቀ አይደል?» አባቴ ከእናቴ እጅ ሊብሬውን ወስዶ ደረት ኪሱ ከተተ። «ይልቅ ሄደህ ደህና ቱርቦ ፈልግልኝ።»

አሁን አንድ ሰው «ጎበዝ ሰብሪና» ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔም ጠብቄ ነበር። አባቴ ያለኝ «አዛን ላይ የምታወሪ መስሎኝ ነበር፣ አላወራሽም፣ ደግ» ብቻ ነው። ጋሽ ሲራጅ ደሞ ለመንደሩ «በሽታዋን እኔና ልጅቷ አገኘነው» ሲል ሰነበተ፤ በሳምንቱ «ልጅቷ» ከወሬው ወጣች። እትዬ ሀዲጃ እስካሁን ዓይን ነው ይላሉ።

ቱርቦው መጣ፣ ታሰረ፣ ቱቦዎቹ ታጠቡ፣ ዘይት ተቀየረ። ጠዋት አስነስቶ ሲረግጣት እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ምንም። ንጹህ አየር። ሸራ ጫማዬን አስሬ በሾፌሩ በር በኩል ሄድኩ።

«ገና ነው» አለ አባቴ። «አዲስ ነገር ነው የታሰረላት፣ ትላመድ።»

ሀስቢየላህ!

ደሞ አዲስ ችግር መጣ። አባቴ አዛን ላይ ሞተር ማስጮህ አይፈልግም፤ ቱርቦውን መግደልም አይፈልግም። አሰበ አሰበና ምን ዘየደ መሰላችሁ? የሰላት ሰዓት ሲቃረብ ከመስጊዱ ራቅ አድርጎ ያቆማታል፣ ድምጿ የማይደርስበት። እሱ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ወደ ሾፌሩ ወንበር እሸጋገራለሁ፣ ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በሚኒሞ እስክትቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፣ ከዛ አጠፋለሁ። ይሄ ነው ስራዬ። ቁልፉ እጄ ገባ፣ መሪውን ያዝኩ፣ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም! የሚያልፈው ሁሉ «ኧረ ሰብሪና ሹፌር ሆነች!» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ። ጓደኛዬ ሳሚያ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብላ «የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«የትም።»

«መንጃ ፈቃድሽ ለመቀመጥ ነው እንዴ?»

መስኮቱን ዘጋሁባት።

በቀደም ጁምዓ ነበር። እንደተለመደው በሚኒሞ ይዣት፣ ቀዝቅዛ፣ አጥፍቻት ስልኬን እነካካለሁ። ሰላት አለቀና ሰው መውጣት ጀመረ። አባቴ መስጊዱ በር ላይ ከሰው መሃል ቆሞ ወደኔ አየ። በእግሩ ይመጣል ስል እጁን አነሳና በጣቱ ጠራኝ። «ኮቱ!» ነይ ማለቱ ነው። ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ፣ ሌላ ሰው መስሎኝ። እኔን ነው። ከነመኪናዬ።

 አስነሳኋት። አንደኛ ማርሽ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ ሰማያዊ የለም፣ ምንም የለም። ቢስሚላህ ብዬ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት።

ቶሎ ለቀቅኩት።

አንዴ እንደ በሬ ዘለለችና ድፍት። ጠፋች። ጁምዓ ሰግዶ የወጣው ከሚሴ በሙሉ እያየኝ። ጋሽ ሲራጅ ጫማውን እያደረገ «ኧረ ወዲያው አታጥፊያት! ቱርቦዋ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

የጎን በሩ ተከፈተ። አባቴ ነው። ወደ ሾፌሩ በር አልመጣም፤ በዛኛው በኩል ገባና ተቀመጠ፣ በሩን ዘጋ፣ ቀበቶውን አሰረ። ፊት ለፊቱን እያየ ነው። ከንፈሩ ጥግ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁትም።

«በይ አስነሺ» አለኝ።